አንድ ውኃ፣ ሁለት ገበያ

ባሕር ዳር ሊዝናና የሚሄድ ሰው የሚገዛው ምንድን ነው? «አልጋ ነዋ!» የሚል ባለሀብት ሒሳቡን ከመጀመሪያው መስመር ስቷል። አልጋ በየከተማው አለ። ጐብኚውን ከአዲስ አበባ 565 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስጉዙት ጣናና ዓባይ ናቸው። የከተማዋ ዋና ሸቀጥ ውኃ ነው።

ችግሩ የዚህ ሸቀጥ ፈላጊ ጐብኚ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚኖረው ጣና በሚለቀው ውኃ ነው። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ሥራ ሲጀምር፣ ውኃው ከፏፏቴው በላይ ወደ ተርባይን ተጠለፈ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ በዋሻ የሚወስደው ውኃ ወደ ፏፏቴው ጨርሶ አይደርስም። መብራት የሚጠላ ነጋዴ የለም። ሆኖም በበጋ ውኃው ሲቀንስ ፏፏቴው ይሳሳል፤ በፖስት ካርድ ያየውን ጢስ ፍለጋ የመጣ እንግዳም አዝኖ ይመለሳል። ፏፏቴውን በሙላቱ ማየት የሚሻ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ቢሄድ ይሻለዋል።

ፏፏቴውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል። ትርፉ ያለው በሁለተኛው ሌሊት ነው፤ እሱን የሚያመጣው ደግሞ ሐይቁ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ዘጌ ሲደረስ፣ በትውፊት ሞፈር ቀንበር የማይገባበት የቡና ደን አለ። በደኑ ውስጥ የምትገኘው ክብ ቤተ ክርስቲያን ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሷ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ለማየት ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገር ሰው ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ባለጀልባው፣ አስጐብኚው፣ ዓሣ ጠባሹና ቡና ሻጩ ከዚህ ቀን ይካፈላሉ።

ሐይቁ ግን ጤነኛ አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ተስፋፍቶ መረብ የሚጣልበትን ውኃ ሸፍኗል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም የጐብኚውን ገበያ ክፉኛ ጐድቶታል። ተጓዥ ቲኬት ሳይቆርጥ፣ ባለሀብትም መሬት ሳይመራ፣ የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት ግድ ይላቸዋል።

ሰላም ሲወርድ የሄደው እንግዳ ይመለሳል፤ የዘጋ ሆቴልም ይከፈታል። የሐይቁ ነገር ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዴ ከተበላሸ በብድር አይተካም። ስለዚህ በባሕር ዳር ገንዘቡን ሊያፈስ ያሰበ ሰው ከወለሉና ከአልጋው ቁጥር አስቀድሞ ውኃውን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።