የሁዳዴ ሰንበቶች

ዐቢይ ጾም ወይም ሁዳዴ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት ረጅሙ ነው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀመስም፤ በሥራ ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ እህል ውኃ አይባልም፤ ስግደቱ ይበዛል፤ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ጉልበት እስኪከዳ ይሰገዳል። እንዲህ ስላለ ወቅት ሲወራ ዕረፍት የሚለው ቃል ቶሎ ወደ አፍ አይመጣም። ብዙዎቻችን ሁዳዴን የምናስበው እንደ ዳገት ነው፤ ወጥተን ጨርሰን ፋሲካ ላይ ቁጭ የምንልበት። ሥርዓቱን ረጋ ብሎ የሚመረምር ሰው ግን ዕረፍቱን የግድ እስከ ትንሣኤ ሌሊት መጠበቅ የለበትም። አባቶች ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረው በጾሙ ውስጥ አስቀምጠውታል።

ከቀኖቹ እንጀምር። ጾሙ ሰኞ ይገባል፣ በቀዳም ሥዑር ሌሊት ይፈታል። የተለመደው አቆጣጠር ዘወረደ የሚባለውን የመጀመሪያ ሳምንት 7 ቀን፣ ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመውን 40 ቀንና የሕማማቱን 8 ቀን ደምሮ 55 ይላል። በሌላ በኩል ቢቆጠርም ደስ የሚል ነገር ይገኛል። በነዚህ ቀናት ውስጥ 8 ቅዳሜዎችና 7 እሑዶች አሉ፤ እነሱን ብናወጣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ቀናት ልክ 40 ይሆናሉ። በሰንበቶቹ ከጥሉላት መከልከሉ እንዳለ ሆኖ ቅዳሴው በጠዋት ይገባል፣ ከቅዳሴ በኋላ እህል ይቀመሳል፣ የንስሓ ስግደትም አይሰገድም። ከዚህ ሥርዓት የምትወጣው አንዲት ቅዳሜ ብቻ ናት፤ ጌታ በመቃብር ያደረባት ቀዳም ሥዑር። በዓመት ውስጥ ትልቁ ጾም እንኳ በየአምስት ቀኑ ሰንበትን አክብሮ ይቆማል ማለት ነው።

ይህ ክብር በዋዛ የተገኘ አይደለም። ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር ብለው የቆሙት አባ ኤዎስጣቴዎስ ከአገር ተሰደው በ1352 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአርመን ምድር ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ከክህነት ተከልክለው፣ ከቤተ መንግሥትና ከጳጳሱ ርቀው በሰሜኑ ገዳማት ለረጅም ዘመን ጸኑ። ነገሩ የተቋጨው በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሲሆን፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ሰዎች ስለ ዕረፍት ቀን መሰደድን ከመረጡ፣ ሰንበት በነሱ ዘንድ ከሥራ መገላገያ ብቻ እንዳልነበረች መረዳት አያቅትም። እግዚአብሔር ፍጥረቱን ፈጽሞ ያረፈባትን ቀን የሚያከብር ሰው፣ ዓለምን የያዛት የእርሱ እጅ እንዳልሆነ በየሳምንቱ ይመሰክራል።

የዘወረደ ሳምንት እንዳለቀ የምትመጣው እሑድ ቅድስት የተባለችውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዕለቷ ምስጋና ስለ ሰንበት ቅድስና ይናገራል። ወንጌሉ ከማቴዎስ 6ኛ ምዕራፍ ነው፤ ስትጾሙ ፊታችሁን አታጠውልጉ ብሎ ይጀምርና ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል ተናግሮ ያበቃል። ይህን ንባብ ከሰንበት ጋር ያገናኙት አባቶች አንድ ነገር በደንብ የገባቸው ይመስለኛል። ሰውን እጅግ የሚያደክመው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም። ሰው ፊት ሌላ፣ ብቻውን ሲሆን ሌላ ሆኖ መኖር ያደክማል። በአንድ ልብ ለሁለት ጌታ መታዘዝ ያደክማል። አሥር ሰዓት ተኝቶ የሚነሣና ድካሙ የማይለቀው ሰው አለ፤ የእንቅልፍ ዕዳ ስላልሆነ በእንቅልፍ አይከፈልም።

ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲተረጉም፣ በታወቀ ጊዜ ከታወቀ ምግብ መከልከል መሆኑን ተናግሮ፣ ዓላማው የፍትወት ኃይል ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ያስረዳል። ዕረፍቱ የሚገኘው እዚህ መታዘዝ ውስጥ ነው። ምኞት ጌታ ሲሆን ፋታ አይሰጥም፤ አንዱን ሲሰጡት ሌላውን ይጠይቃል፤ ያገኘውን ሳያጣጥም ያላገኘውን ያያል። ጾም ለዚህ ጌታ አይሆንም ማለትን ያስተምራል፤ ያውም በትንሽ ነገር፣ በወተትና በቅቤ፣ በጠዋት ቁርስ። ዛሬ ምን ልብላ፣ መቼ ልብላ የሚለው ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አስቀድሞ ተመልሷል። ጿሚው ስለ ራሱ ከሚወስነው ነገር ውስጥ አንዱ ሸክም ተነሥቶለታል። ለዚህም ነው የጾም ኬክና የጾም በርገር የሞላበት ሁዳዴ የሚያሳዝነኝ። ጥሉላት የለበትምና ሥርዓቱን አላፈረሰም፤ ምኞትን ግን በጾም ልብስ አልብሶ መልሶ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ስልክም እንደዚሁ ነው፤ ለዐይንና ለጆሮ ፋታ አይሰጥም። ቅዱስ ያሬድ በዜማው ዐይንም አንደበትም ጆሮም እንዲጾሙ ያሳሰበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ራሷም በዚህ ወራት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል አይጸነጸልም፤ ሊቃውንቱ ጾመ ድጓውን በመቋሚያ እየዘመሙ ያደርሳሉ። ሠርግ አይደገስም። በቀሪው ዓመት ያሸበሸበ ምእመን በዚህ ጸጥታ ውስጥ ሲቆም የራሱን ልብ ድምፅ መስማት ይጀምራል፤ የሚሰማው ደግሞ ሁልጊዜ ደስ የሚል አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጿሚ የሚያገኘው ከዕረፍት ይልቅ ብስጭት ነው። ከፊሉ የሥጋ ነው፤ ጠዋት ቡና የለመደ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ከሰዓት በፊት ቁጡ ይሆናል። ከፊሉ ግን ከዚያ ይጠልቃል። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አውርቶ ሲያደፍነው የኖረው ቂም፣ ያልተለቀሰ ሐዘን፣ ያልተጠየቀ ይቅርታ፣ መሸፈኛው ሲነሣ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ጾሙ ከማረጋጋት ይልቅ አባሰኝ ይላል። የገዳም አባቶች ግን ይህን በሚገባ ያውቁታል። መጽሐፈ መነኮሳት ከሚባሉት ከሦስቱ መጻሕፍት የአንዱ ባለቤት የሆነው ማር ይስሐቅ የ7ኛው መቶ ዘመን ሶርያዊ አባት ነው። የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ ከጥቂት ወራት በኋላ መንበሩን ትቶ ወደ ብሕትውና ተመለሰ። በጽሙና የሚኖር ሰው ብርሃንና ጨለማ እንደሚፈራረቁበት ያስተምራል። ጨለማው ሲከብድና መጸለይ እንኳ ሲያቅት የሚሰጠው ምክር የዋህነቱ ይገርማል፤ ሰዓቱ እስኪያልፍ ልብስህን ተከናንበህ ተኛ፣ ከበአትህ ግን አትውጣ ይላል። ራስን መግረፍን አላዘዘም። የብርታት ሰልፍ አልጠየቀም። የጠየቀው ባሉበት መቆየትን ብቻ ነው።

መቆየት ሲባል ግን ዝም ብሎ መተኛት እንዳይመስል፣ በጾሙ መካከል ሌላ እሑድ ትመጣለች። የመጻጉዕ እሑድ ወንጌል ዮሐንስ 5 ነው፤ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ሰው ታሪክ። ይህን ሰው ከዕረፍት አንጻር ማየት እወዳለሁ። ሥራ የለበትም፣ የሚያስቸኩለው ነገር የለም፣ ውሎው ጋደም ማለት ነው። በውጭ ሲታይ ከርሱ ይበልጥ ያረፈ ሰው በኢየሩሳሌም አልነበረም። ልቡ ግን አንዲት ሰዓት አላረፈም፤ ውኃው መቼ ይናወጣል፣ ማን ይቀድመኛል እያለ ዕድሜውን ፈጀ። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው እንኳ አዎን አላለም። የመለሰው ሰው የለኝም፣ ሌላው ይቀድመኛል የሚል የቆየ ስሞታውን ነው። ስሞታ ሲቆይ የሚኖሩበት ቤት ይሆናል፤ ከውስጡ ወጥቶ መኖርን ሰው ይረሳዋል።

ጌታም ተነሥተህ አልጋህን ተሸከም አለው። ቀኑ ሰንበት ነበር፤ አልጋ ተሸክሞ ሲሄድ ያዩት አይሁድ ሰንበት ነው፣ አልጋህን ልትሸከም አልተፈቀደልህም አሉት። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ግን ሰውየው በ38 ዓመት ውስጥ ሰንበትን በእውነት ያከበረው ያን ቀን ነው። ተኝቶ ሳለ አላረፈም፤ ተሸክሞ ሲሄድ ዐረፈ። በሁዳዴ እየሰገደ፣ እየቆመ፣ እየተራበ ዕረፍት አገኘሁ የሚል ምእመን ካለ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሥጋው ደክሟል፤ ለዓመታት ሲቆስል የኖረው ግን ፈውስ ጀምሯል። ይህ ፈውስ በአብዛኛው ከንስሓ አባት ፊት ይጀምራል። ተሸሽጎ የኖረ ኃጢአት በየቀኑ መጠበቅን ይፈልጋል፤ ማን ያውቃል፣ ማን ይሰማል የሚለው ዘብ እንቅልፍ የለውም። አንዴ በቃል ሲወጣ ዘቡ ይሰናበታል። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይሰጥ ንስሓውን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት አይበጅም፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ለዚህ የተመቹ ናቸው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ አንድ ሰው ልብ ነው። ጾምን ከዚህ ያለፈ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ምዕራፍ ባይኖር ኖሮ እዚህ ማቆም ይቻል ነበር። ኢሳይያስ 58 ጾመን ሳለ እግዚአብሔር አላየንም የሚሉ ሰዎችን ቅሬታ ያነሣል። መልሱ ከባድ ነው፤ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ይላቸዋል። የሚወድደውን ጾም ሲዘረዝር ቀንበርን መፍታትን፣ የተራበን ማብላትን ይጠቅሳል፤ የደከመ አጥንት እንደሚጸና፣ ነፍስም ውኃ እንደጠገበ አትክልት እንደምትሆን ተስፋ ይሰጣል። ምዕራፉ የሚያበቃውም በሰንበት ነው። ዘዳግም 5ም የሰንበትን ትእዛዝ ሲያነሣ ሎሌህና ገረድህ እንዳንተ እንዲያርፉ ብሎ ያክልበታል።

ይህን ወደየቤታችን እናምጣው። የሁዳዴ ማዕድ ቀላል አይደለም። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ስልጆው፣ አዚፋው፣ ተልባው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ሁሉ የሚለቀም፣ የሚቆላ፣ የሚወቀጥ፣ የሚጠለል ነው። ከጭሱ ፊት ቆማ ይህን የምትሠራው ሴት ብዙ ጊዜ ራሷም ጿሚ ናት፤ እናት ትሁን፣ እኅት ትሁን፣ ደመወዝተኛ የቤት ሠራተኛ ትሁን። ሌላው ከቅዳሴ ተመልሶ በሰላም ሲቀመጥ እርሷ ቅዳሴውን አልሰማችውም፤ ከተበላም በኋላ ዕቃው ይጠብቃታል። በቤሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትጾም እኅታችን ደግሞ የምትተኛበት ሰዓት እንኳ በእጇ አይደለም። የኛ ዕረፍት በነዚህ ሴቶች ድካም የተገዛ ከሆነ ኢሳይያስ የነገራቸው ሰዎች እኛ ነን። ማዕዱን ወደ አንድ ወጥ ማሳነስ፣ ወንዶችና ልጆች ወደ ማጀት መግባት፣ ሠራተኛዋ በእሑድ ወደ ቅዳሴ እንድትሄድ ቤቱን ጠብቆ መዋል፣ እነዚህ ከጾሙ ውጭ ያሉ በጎ ሥራዎች አይደሉም። ራሱ ጾሙ ናቸው። በየመድረኩ ስለ ሰላመ ልብ ብዙ ሲሰበክ ይህ ጉዳይ ብዙም ስለማይነሣ ደጋግሜ ማንሣት እፈልጋለሁ።

ወደ ጾሙ ሳምንታት ስንመለስ፣ ሰባተኛው ሳምንት የኒቆዲሞስ ነው። የአይሁድ አለቃ፣ የሕግ መምህር፣ በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ዳግመኛ ይወለዳል ብሎ የጠየቀው ሰው። ብዙ ጿሚ እዚህ እሑድ ላይ ሲደርስ ራሱን ይመረምርና የተለወጠ ነገር አያይም፤ ቁጣው እንዳለ ነው፣ ጸሎቱ አሁንም ይበታተናል፣ ጾሙ ደግሞ ሊያልቅ ነው። የኒቆዲሞስን ታሪክ እስከ መጨረሻው ማንበብ ለዚህ ሰው ይጠቅማል። በ3ኛው ምዕራፍ ንግግሩ ሲያበቃ ኒቆዲሞስ አመነ ወይም ተለወጠ የሚል ቃል የለም፤ በሌሊት እንደመጣ በሌሊት ይሄዳል። በ7ኛው ምዕራፍ በሸንጎ መካከል ተቀምጦ፣ ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ በሕጋችን አለን የሚል አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይሰድቡታል፣ እርሱም ሌላ ቃል አይጨምርም። በ19ኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ዓርብ፣ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ፣ ከአርማትያስ ዮሴፍ ጋር የጌታን ሥጋ ሊገንዝ ይመጣል። ከሌሊቱ ጥያቄ እስከዚያ ዓርብ ድረስ ስለ ልቡ የተጻፈ አንድም መስመር የለም። ቤተ ክርስቲያን እሑዱን በጾሙ 7ኛ ሳምንት አድርጋ፣ ግንዘቱን በስቅለት ዓርብ ታነብበዋለች። በዚያ ቀን ምእመናኑ ከማለዳ ጀምረው ሲሰግዱ ውለው ወደ ካህኑ ቀርበው በወይራ ቅጠል ይጠበጠባሉ፤ ለውጥ አላየሁም ያለውም ጿሚ ከነሱ ጋር ተሰልፎ ካህኑ የሚያዝለትን ስግደት ይቀበላል።