ቺዚጉላ፦ ጁባ ዳር የበቀለ የባንቱ ቋንቋ

ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ። ወንዙ ደቡብ ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ሊደርስ ሲቃረብ የገበሬ መንደሮች በዳርቻው ይታያሉ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ የሚነገረው ቋንቋ ከሶማሊኛ ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመዶቹ ከኬንያ ማዶ፣ በሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ ይገኛሉ። ተናጋሪዎቹ ቺዚጉላ ይሉታል። ሌሎች ሶማሌዎች ደግሞ ሙሹንጉሊ እያሉ ይጠሩታል።

በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚሁ የታንዛኒያ ክፍል፣ ዛሬ ሃንዴኒ በሚባለው አካባቢ ረሃብ ጸና። እህል ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር የወረዱ ዚጉላ የሚባሉ ብዙ ሰዎች ለባሪያ ነጋዴ ተዳርገው በጀልባ ወደ ሶማሊያ ጠረፍ ተወሰዱ፤ በሸበሌ ወንዝ ዳር በሰው እርሻ ላይ ተሠማሩ። በቃል የሚወርደው ታሪካቸው እንደሚለው፣ ዋናንኩቻ የምትባል ሴት ከጌቶቻቸው አስመልጣ ወደ አገራቸው ትመራቸው ጀመር። መንገዱ ግን ጁባ ዳር፣ ጎሻ በሚባለው ጫካ ተገታ። እዚያው መንጥረው አረሱ፤ ቋንቋቸውንም ይዘው ቆዩ።

በቺዚጉላ አንድ ግሥ ጫፉ ላይ እየተቀጠለበት ይረዝማል። «ኩሎምቤዛ» መጠየቅ ነው፤ «ኩሎምቤዜዛ» ለሌላ ሰው መጠየቅ፤ «ኩሎምቤዜዛና» ደግሞ አንዱ ለሌላው መጠየቅ። የሚገርመው የድምፁ አካሄድ ነው። ከፍ ብሎ የሚነገረው ድምፅ ከግሡ ሥር የመጣ ቢሆንም እዚያ አይቀመጥም፤ ቃሉ በረዘመ ቁጥር እየተከተለ ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። «ኩዳማኛ» (ማድረግ) በመሳሰሉት ግሦች ግን ይህ ከፍታ ከነጭራሹ የለም።

በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲወድቅ የታጠቀ ጎሳ ከኋላቸው ያልነበራቸው እነዚህ ገበሬዎች እህላቸው ተዘረፈ፣ መንደራቸው ተወረረ። ብዙዎቹ ኬንያ ወዳለው ዳዳብ መጠለያ ሸሹ። አሜሪካ በ1999 እነሱን ጨምሮ የሶማሊያ ባንቱዎች የሚባሉትን ለመቀበል ወሰነች፤ ከ2003 ጀምሮም ከ12,000 በላይ ሰዎች ሄዱ። ሁሉም ግን የቺዚጉላ ተናጋሪዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ የሚናገሩት ማይኛ የሚባል ሌላ ቋንቋ ነው።

ከሸሹት ዚጉላዎች ሌሎቹ የአያቶቻቸውን አቅጣጫ ይዘው ታንዛኒያ ገቡ። ሃንዴኒ ሲደርሱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት መለያየት በኋላም ከአገሬው ጋር ተግባቡ፤ የአንደኛው ንግግር ሶማሊኛ፣ የሌላኛው ስዋሂሊ ጣል ጣል ያለበት ከመሆኑ በቀር። መንግሥትም ቾጎ በሚባል ስፍራ መሬት ሰጥቶ አሰፈራቸው፤ ለብዙዎቹም ዜግነት ፈቀደላቸው።