የዴልታ ክንፍ ስለት

በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ላንግሊ በተባለው የበረራ ምርምር ማዕከል አንድ እንግዳ አውሮፕላን ለፈተና ቀረበ። ሞተር የለውም። አግድም ጭራም የለውም። ከላይ ቢያዩት ሦስት ማዕዘን፣ ከጎን ቢያዩትም ሦስት ማዕዘን ነው፤ የአብራሪው መቀመጫ ክንፉ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመው ወፍራም ሦስት ማዕዘን ሥር ተሸጉጧል። ዲኤም-1 ይሉታል። የጀመሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በጀርመን የነበሩ የዳርምሽታትና የሙኒክ ተማሪዎች ናቸው፤ ስሙም ከሁለቱ ከተሞች የተወሰደ ነው። ዳርምሽታት በ1944 በቦምብ ስትነድ ሥራው ወደ ባቫሪያዋ ፕሪን ተዛወረ። አሜሪካኖች በ1945 ሲደርሱ ገና አላለቀም ነበርና አስጨርሰው በመርከብ ጭነው ወሰዱት።

የሐሳቡ ባለቤት አሌክሳንደር ሊፒሽ ነው። በ1909 የአውሮፕላን ፈልሳፊው ኦርቪል ራይት በርሊን፣ ቴምፕልሆፍ ሜዳ ላይ ሲበር አንጋጠው ካዩት መካከል የ14 ዓመቱ ሊፒሽ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጭራ የሌለው አውሮፕላን ሲያሳድድ ኖረ። ሐሳቡን መጀመሪያ በትንሽ ሞዴል ይሞክራል፤ ሞዴሉ ከበረረለት ሰው የሚይዘውን ይሠራል። በ1931 ዴልታ 1 የተባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ አውሮፕላኑ በሞተር በረረ። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ከድምፅ የሚፈጥን ተዋጊ ነደፈ፤ ነዳጁ የድንጋይ ከሰል ነበር። ቤንዚን ያለቀባት አገር ምን ታድርግ! ዲኤም-1 የዚያ ተዋጊ ክንፍ በዝግታ ሲበር ጠባዩ ምን እንደሚመስል ለማየት የታሰበ ነው። ራሱ ግን አንድም ቀን አልበረረም።

የላንግሊ ሰዎች ከዚህ ክንፍ ብዙ ጠብቀዋል። ቀደም ሲል የተፈተኑ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞዴሎች ግሩም ውጤት አሳይተው ነበር፤ ተራ ክንፍ የማንሳት ኃይሉን አጥቶ (ስቶል አድርጎ) በሚወድቅበት ማዕዘን እነሱ አፍንጫቸውን ወደ ላይ እንዳቀኑ ማንሳታቸውን አያቆሙም። ዲኤም-1 አፉ 9 በ18 ሜትር በሆነው ግዙፍ የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ቆሞ ነፋሱ ሲለቀቅበት ግን ሞዴሎቹ ቃል የገቡትን ያህል ሊያነሳ አልቻለም፤ ከግምቱ በብዙ አነሰ።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ሙያ ብዙውን ጊዜ የሚያንሰው ትንሹ ሞዴል ነው፤ በዝግታ ለሚሄድ ትንሽ ክንፍ አየሩ አይመችም። እዚህ ግን ትንሹ የቻለውን ትልቁ አቃተው።

የላንግሊዎቹ ኸርበርት ዊልሰንና ካልቪን ሎቨል ያቀረቡት ሪፖርት ምክንያቱን ከክንፉ የፊት ጠርዝ አገኘው። የዲኤም-1 ክንፍ ወፍራም ነው፤ ግንባሩም ድቡልቡል። ለተራ ክንፍ ድቡልቡል ግንባር መልካም ነው፤ አየሩ ሳይላቀቅ ኩርባውን ተከትሎ ወደ ላይኛው ገጽ ያልፋል። ትንንሾቹ ሞዴሎች ላይ ግን አየሩ ያን ኩርባ ተከትሎ መዞር ያቅተውና ከጠርዙ ይላቀቃል። የተላቀቀው አየር ተበትኖ አልቀረም፤ ከአፍንጫው ተነስቶ በግራና በቀኝ ጠርዝ በኩል፣ እንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ክር እየተጠቀለለ ወደ ኋላ ተዘረጋ። በዚያ አዙሪት እምብርት ላይ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ክንፉን ከላይ ሆኖ ይስበዋል። ትልቁ ላይ አየሩ ኩርባውን ተከትሎ አለፈና አዙሪቱ ሳይፈጠር ቀረ። የበረራ ሰዎች እንደ ጠላት ሲሸሹት የኖሩት የአየር መላቀቅ፣ እዚህ ላይ ክንፉን የሚሸከመው እሱ ራሱ ኖሯል።

መፍትሔው ከግኝቱ ያነሰ ልፋት ጠየቀ። በክንፉ ግንባር ላይ ስለታም ጠርዝ ለጠፉበት። አየሩ ተገድዶ ተላቀቀ፤ አዙሪቱ ተፈጠረ፤ የማንሳት ኃይሉም በእጅጉ ጨመረ። በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንኮርድ በዚሁ አዙሪት ነበር የምታርፈው። የተራ አውሮፕላን ፍላፕ የላትም፤ አፍንጫዋን እጅግ ቀና አድርጋ ስለምትወርድ አብራሪው ማኮብኮቢያውን እንዲያይ የአፍንጫዋ ጫፍ ወደ ታች ይታጠፍ ነበር። ከደብረ ዘይት ይነሱ የነበሩትን ሚግ-21ዎች ያየ አንባቢም ሦስት ማዕዘኑን ያውቀዋል፤ እነሱ ግን ጭራ ጨምረውበታል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ከባልሳ እንጨት ትንሽ ዴልታ የሚሠራ ሰው የላንግሊን ፈተና ጠረጴዛው ላይ ሊደግመው ስለሚችል ነው። ባልሳ በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ነው፤ ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመቆረጥ ይደርሳል፣ እንጨቱም በምላጭ ይቆረጣል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጣውላ፣ ከአፍንጫ እስከ ኋላ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ግንባሩ 60 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የዲኤም-1ም እንዲሁ ነበር። የእንጨቱ ጅማት ከፊት ጠርዙ ጋር ትይዩ ቢሄድ ክንፉ አይጣመምም።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ነው። አውሮፕላን የሠራ እጅ ግንባሩን ማድቦልቦል ለምዷል፤ ጣት ሳያስበው ወደዚያው ይሄዳል። ይተዉት። ከታች በኩል ብቻ አስልለው ከላይ ስለቱን ያስቀሩ። ስለታም ባልሳ በትንሽ ግጭት ይጎደጉዳል፤ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠርዙን ቢያስጠጡት ግን ይጠነክራል። ከዚያ አጫጭር ክሮች በላይኛው ገጽ ላይ በአንድ ጫፋቸው ይለጥፉና ክንፉን አፍንጫውን ቀና አድርገው ቬንትሌተር ፊት ይያዙት። መሐል ያሉት ክሮች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይተኛሉ፤ ወደ ጠርዙ የቀረቡት ደግሞ ወደ ውጭ ይታጠፋሉ። አዙሪቱ ያለው እዚያ ነው።

የቀረው ሞተር፣ ባትሪና የሬዲዮ መቆጣጠሪያ የመግጠም ሥራ ነው። ጭራ ስለሌለ በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ተንቀሳቃሽ ቁራጮች፣ ኤሌቨኖቹ፣ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ አብረው ሲነሱ አፍንጫው ይቀናል፣ አንዱ ወጥቶ አንዱ ሲወርድ አውሮፕላኑ ይጋደላል። የዛሬዎቹ ሪሞቶች ይህን በራሳቸው ያቀላቅሉታል። ከዚህ ቅንብር ይልቅ የሚያስጨንቀው የክብደቱ ቦታ ነው። በዚህ መጠን ላለ ክንፍ ሚዛኑ ከአፍንጫው ከ17 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ላይ መዋል አለበት፤ 20ን ካለፈ መቆጣጠር አይቻልም። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው በሁለት ጣት ይደግፉት፤ ኋላው ከወረደ ባትሪውን ወደ ፊት ይግፉ። ኤሌቨኖቹም በዕረፍታቸው ጥቂት ቀና ይበሉ።

አዙሪቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ባነሳ ቁጥር ወደ ኋላ ይጎትታል። ዴልታ ፍጥነት ሲያጣ እንደ ተራ አውሮፕላን ተገልብጦ አይወድቅም፤ አፍንጫውን እንዳቀና በፍጥነት ይሰጥማል። ስለዚህ ሲያሳርፉ ሞተሩን ሣሩን እስኪነካ ድረስ ጨርሰው አያጥፉት።