ጠባሳውና ጀሪካኑ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በሌቡም ሆነ በጀሞ፣ ውኃ በመጣ ዕለት ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ማንሳት የዘወትር ተግባር ነው። በቅርቡ በቀዶ ሕክምና በጡቷ ውስጥ የሲሊኮን ከረጢት አስገብታ ወደ ቤቷ ለተመለሰች ሴት ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። ምስጢሯን ከቤተሰብ ለመሰወር ስትል «አልችልም» ማለት ካልደፈረች ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ውድ አንባብያን፣ ጉዳዩን በፊዚክስ ዐይን እንመልከተው። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ወደ ታች የሚስበውም ኃይል 200 ኒውተን ገደማ ነው። ዕቃ ስናነሳ ከሚኮማተሩት ጡንቻዎች አንዱ የደረት ጡንቻ ነው፤ ከረጢቱም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከዚሁ ጡንቻ ሥር ነው። የተሰፋው ቁስል በ3ኛው ሳምንት የጤናማ ቆዳን ጥንካሬ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ከ3 ወር በኋላም ከ80 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ሐኪሞች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ዕቃ እንዳይነሳ የሚያዙትም ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው የሲሊኮን ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ ከተተከለ ወዲህ የታወቀ ሌላም ችግር አለ። ሰውነት ባዕዱን ነገር በጠባሳ ሽፋን ይከብበዋል። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ሲኮማተር ከረጢቱ ወደ ኳስ ቅርጽ ያዘነብላል፤ ለአንድ ይዘት አነስተኛው የገጽ ስፋት የሉል ነውና። ጡቱም ይጠጥራል፤ ሊያምም ይችላል።

ትኩሳት፣ የአንድ ወገን ድንገተኛ እብጠት፣ የእግር ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ከሐኪም የሚሰወር ምስጢር ሊኖር አይገባም። ጀሪካኑንም ሌላ ሰው ያንሳው እንላለን።