ስፖኪዮ ውስጥ ያለችው መኪና በትክክል የት ናት?

ጋቢና ቁጭ ብላችሁ በቀኝ በኩል ያለውን ስፖኪዮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላ የምትመጣው መኪና ትንሽዬ ናት፤ ሩቅ ትመስላለች። ዞር ስትሉ ግን አጠገባችሁ ደርሳለች! አንዳንዱ ስፖኪዮማ «የምታየው ከሚመስልህ በላይ ቅርብ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ለምን ይሆን? እስቲ እናስላው።

ይህ መስታወት ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። ምስሉ ያለበትን ቦታ የምናገኘው በዚህች ቀመር ነው፦

1/ት = 1/ቁ + 1/ም

«ት» የመስታወቱ የትኩረት ርቀት ነው። «ቁ» መኪናዋ፣ «ም» ደግሞ ምስሏ ከመስታወቱ ያላቸው ርቀት ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ምልክቱ ላይ ነው፤ ወደ ውጭ የጎበጠ መስታወት የትኩረት ነጥቡ ከጀርባው ስለሆነ «ት» ኔጌቲቭ ይሆናል።

ት = −0.6 ሜትር፣ ቁ = 6 ሜትር እንበል።

1/ም = −1/0.6 − 1/6 = −11/6

ስለዚህ ም = −0.545 ሜትር ገደማ። ኔጌቲቭ መሆኑ ምስሉ ከመስታወቱ ጀርባ እንደሆነ ይነግረናል። ምስሉ ስንት እጥፍ ነው? −ም/ቁ = 1/11። 1.5 ሜትር ቁመት ያላት መኪና 13.6 ሴንቲ ሜትር ሆነች ማለት ነው።

ቆይ፣ ምስሉ ከመስታወቱ ጀርባ 54.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ከሆነ እንዲያውም ከመኪናዋ ይቀርባል እኮ! ታዲያ ሩቅ የሚመስለን ለምንድን ነው? አእምሯችን ርቀትን የሚገምተው በመጠን ስለሆነ ነው። የመኪናን ትልቅነት እናውቃለን፤ ትንሽ ሆና ስናያት «ርቃለች» እንላለን። ዓይናችሁ ከመስታወቱ 1 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ይህች ምስል የምትታየው ልክ በጠፍጣፋ መስታወት 16 ሜትር ላይ ያለች መኪና በምትታይበት መጠን ነው። የ10 ሜትር ስህተት! ከእናንተ ፍጥነት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በልጣ ለምትመጣ መኪና ይህ 1 ሰከንድ ነው። መስመር ለመቀየር ላሰበ ሾፌር ደግሞ 1 ሰከንድ ቀላል አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ለምን ጠፍጣፋ አይገጥሙም? የጎበጠው ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚያሳይ ነው፤ በጠፍጣፋው ጭራሽ የማትታይ መኪና እዚህኛው ላይ ትታያለች።

ወደ ውስጥ የጎደጎደ መስታወትስ? ቀመሩ ያው ነው፤ «ት» ፖዘቲቭ ይሆናል እንጂ። ት = 0.6 ሜትር የሆነ የመላጫ መስታወት ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ብትቆሙ ፊታችሁ 1.5 እጥፍ ይጎላል። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ብትቆሙስ? ቁጥሩን አስገቡና 1/ም ስንት እንደሚመጣ እዩት።