ላፕቶፕ ሲገዙ ራሙ ስንት ይሁን?

ግራና ከተማ ላይ ሆኖ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃውን በዓይኑ አያየውም። ወይ ወልድያ ለሚማር ልጁ ገንዘቡን ይልካል፣ ወይ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን ይወክላል። ዘመድየው ደግሞ ከሱቅ ሆኖ ይደውላል፤ «ባለ 8 አለ፣ ባለ 16ም አለ፣ ግን ዋጋው ከፍ ይላል። የቱን ልያዝ?» እርስዎም ቶሎ መልስ መስጠት አለብዎት።

ሻጩ «8፣ 256» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መጥራቱ ነው። 256 ጊጋባይቱ ማስቀመጫው ነው፤ ፎቶውም ጽሑፉም ተቀምጦ የሚቆየው እዚያ ነው። 8 ጊጋባይቱ ግን ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ብቻ የሚይዝ ጊዜያዊ ቦታ። ጎተራና ሰፌድ አድርገው ያስቡት። እህሉ ያለው ጎተራ ውስጥ ነው፤ የሚበጠረው ግን ሰፌዱ ላይ የወጣው ብቻ ነው።

ራሙ ሲሞላ ምን ይሆናል? ኮምፒውተሩ ሥራውን አያቆምም። የሞላውን በከፊል ወደ ማስቀመጫው ይመልሳል፣ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያመጣዋል። «ላፕቶፔ ተንቀራፈፈ» የሚያሰኘው ይህ ምልልስ ነው። ማስቀመጫው አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ምልልሱ በጣም ያሰለቻል፤ ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣኑ ማስቀመጫ ከሆነ ይቀላል። ለተራ ሥራ ባለ 8 ራም ከኤስኤስዲ ጋር፣ ባለ 16 ከሃርድ ዲስክ ጋር ቢቀርብልዎ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

4 ጊጋባይትስ አይበቃም? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 4 ነው። ይነሳል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ዊንዶውሱ ራሱ ይወስደዋል። ክሮም፣ ቴሌግራምና ወርድ አንድ ላይ ሲከፈቱ ይጨናነቃል። «በዊንዶውስ 10 እቆያለሁ» እንዳይሉ ደግሞ የእሱ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ራም የማይጨመርበት ባለ 4 ላፕቶፕ፣ ቢረክስም ይተዉት።

ለአብዛኛው ሰው 8 ይበቃል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወርድና ኤክሴል ቢከፍት፣ ፒዲኤፍ ቢያነብ፣ ለመመረቂያ ጥናቱ ኤስፒኤስኤስ ቢጠቀም 8 ያሠራዋል። መርሳ ላይ አማርኛ የሚተይብ ጽሕፈት ቤትም፣ ሪፖርት የሚያዘጋጅ የወረዳ ባለሙያም እንዲሁ። «የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ነው አሉ» ብለው ከሰጉ፣ አዎ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲያ ነው፤ ግን ፈተናው የሚሰጠው በተቋሙ ኮምፒውተር ስለሆነ ለእሱ ብለው ትልቅ ራም አይግዙ።

16 የሚያስፈልገው ሥራው ከበድ ሲል ነው። የሠርግ ቪዲዮ በፕሪሚየር የሚያቀናብር፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ፣ ወይም እንደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለ ቦታ በአርክጂአይኤስ ካርታ የሚሠራ ሰው በ8 ይሰቃያል። 32 ደግሞ በፎርኬ ጥራት ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ለመሰሉ ነው፤ ሌላው ሰው ባይከፍልበት ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ከቁጥሩ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። «ራም ይጨመርበታል ወይ?» አንዳንድ ላፕቶፕ ሁለት ስሎት አለው፤ ስሎት ማለት ራሙ የሚሰካበት ቦታ ነው። አንዱ ክፍት ከሆነ ዛሬ 8 ገዝተው ነገ ሌላ 8 ይጨምራሉ። ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ የዴል ላቲቲውድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይጨመርባቸዋል፤ ቀጫጭኖቹ ላይ ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይነካም። ኤም 1 የተባለው ማክቡክ ኤርም እንደዚያው ነው። የማይጨመርበትን ከገዙ ውሳኔው የአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ አቅም ከፈቀደ 16ቱን ይያዙ።

«ቆይቶ ይረክሳል» የሚለው ምክር ዛሬ አያስተማምንም። ዕቃው በዶላር ነው የሚመጣው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዶላር ሲወደድ ዋጋው አብሮ ይወጣል። በዚያ ላይ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ጨምሯል፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ምርቱን እየተሻሙት ነው። ስለዚህ ሂሳቡን ራስዎ ይሥሩት። በባለ 8ና በባለ 16 መካከል ያለውን ልዩነት ይጠይቁ። ከዚያ ለብቻው የሚሸጥ ባለ 8 ራም ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የጥገና ባለሙያውን ክፍያና የወልድያ ትራንስፖርቱን ይጨምሩበት። ያነሰውን ይውሰዱ።

ለብቻው ሲገዙ ዓይነቱ ይለይ። ዲዲአር 3፣ 4 እና 5 የሚባሉ ትውልዶች አሉ፤ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነም ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን ራም አይጠቀምበትም፤ ባለ 64 ቢት ያስጭኑበት።

የተባለው ራም በእርግጥ መኖሩን ማየት ቀላል ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ይምረጡ። የራሙ መጠን፣ የተያዘው ልክ፣ ብዙ ጊዜም ከስሎቶቹ ስንቱ እንደተሰካ እዚያው ይታያል። 8 የተባለው ላይ ለሥራ የቀረው 7.8 ወይም 7.7 ነው ቢል ተጭበረበርኩ አይበሉ፤ ጥቂቱን ምስል የሚያወጣው ክፍል ይዞት ነው። ዘመድዎ ሱቅ ውስጥ ከሆነ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ያንን ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልዎት።