መልስ የሚጠብቅ ጥሪ፦ ሽቦ አልባ መገናኛ ከደሴ እስከ አምባሰል

ፔጀር የሚባለውን ጥሪ ተቀባይ መሣሪያ ቀበቶው ላይ ሰክቶ የደቡብ ወሎዋን ሐይቅ ከተማ የዞረ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ነገርዬው አሜሪካንና አውሮፓን ባጥለቀለቀበት ዘመን የተሁለደሬና የአምባሰል ገጠር ስልክን በወሬ ነበር የሚያውቀው። ሥራውን ግን እዚህ የማያውቅ የለም። ከውጫሌ በሚኒባስ የተነሣ ልጅ ደሴ መናኸሪያ ሲወርድ የእናቱን ቁጥር ይመታል፤ ስልኩ አንዴ ይጮኻል፤ ልጁ ይዘጋዋል። እናት አታነሣም። ካነሣች የልጁ ብር ይቆጥራል። ማንበብ ባትችል እንኳ ለእሱ ተለይቶ የተሞላውን ጥሪ ስትሰማ "ገባ" ትላለች። ተከታትሎ ሁለቴ ከጮኸ ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያኔ ካርድ ያለው ጎረቤት ተፈልጎ ይደወልለታል።

ይህ ሚስኮል የሚባለው ነገር የድሃ ብልጠት ተደርጎ ይወራል፤ አንዳንዱም ይስቅበታል። ከውስጥ ለሚያየው ግን የሚሳቅበት አይደለም። አንድ ስልክ ሲደወልለት ኔትወርኩ ባለቤቱ የት እንደቆመ ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው በየትኛው አካባቢ እንዳለ በግምት ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ያሉ አንቴናዎች ሁሉ ባንድ ላይ ይጠሩታል። የቴሌ መሐንዲሶች ይህን ጥሪ ዛሬም ፔጂንግ ይሉታል። ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጥሪውን ሲሰማ "አለሁ" ብሎ ይመልሳል፤ መስመር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይጮኻል። እስከዚህ ድረስ ሒሳብ የለም፤ ቆጣሪው የሚጀምረው ስልኩ ሲነሣ ነው። እናትና ልጅ ያደረጉት ነፃውን ከውዱ ቆርጦ መውሰድ ነው። ፔጀር አልደረሳቸውም፤ እነሱ ግን በሞባይሉ ሆድ ውስጥ አገኙት።

ፔጀርን ለዓለም ያበረከተው በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው አል ግሮስ ነው። ሰውዬው በወጣትነቱ በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ መገናኛ ከሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን፣ የፔጀሩን የፈጠራ መብት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ያዘ። በዓመቱ አንድ የኒውዮርክ ሆስፒታል ተቀበለው። ሌሎች ሐኪሞች ግን በሽተኛ ይረብሻል፣ ጨዋታችንን ያቋርጣል ብለው አንገራግረው ነበር። መሣሪያው መስማት እንጂ መናገር አይችልም። የተጠራው ሐኪም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልክ ፈልጎ መደወል ነበረበት። መልስ የሚሰጥ ፔጀር በአሜሪካ ገበያ የወጣው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በ1995 ስካይቴል የተባለ ኩባንያ በሞቶሮላ መሣሪያ ጀመረው።

ይህን ያህል ዘመን የፈጀው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮረብታ ላይ የተተከለ ማሰራጫ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ኃይል ስላለው ከሩቅ ይሰማል። ኪስ ውስጥ ያለው መሣሪያ ያለው ግን ጣት የምታህል ባትሪ ናት፤ ድምፁ ከሩቅ አይሰማም። እሱን ለመስማት በየአቅጣጫው ብዙ ጆሮ መትከል ያስፈልጋል፤ ወጪው ያለውም እዚያ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች መናገር ርካሽ ነው፤ ከታች የሚመጣውን መስማት ውድ ነው። ስለ ወሎ የሬዲዮና የስልክ ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ። በእኛ ዘንድ ወጪው የገንዘብ ብቻ አልነበረም።

የሬዲዮው ታሪክ በጦርነት ይጀምራል። በ1927 ዓ.ም. የተመረቀውን የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ የጣሊያንን ወረራ ለዓለም ያሰሙት በዚሁ ጣሊያን በተከለው ጣቢያ ሆነ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ጠቅላይ ሠፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ፤ ኅዳር 26 ቀን ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሬዲዮ ቴሌግራም ይሄድ ነበር። ሰሜን ላይ በየአቅጣጫው የተሰለፉት የራሶቹ ጦሮች ግን እርስ በርስ በቅጡ አይገናኙም፤ የአንዱ ሽንፈት ለሌላው የሚደርሰው በእግረኛ መልእክተኛ፣ ቀን ካለፈ በኋላ ነበር። አየር ላይ የወጣውን መልእክት ያለ መዘግየት የሚሰማው ጠላት ነው። ጣሊያኖች የኢትዮጵያን ቴሌግራም እየጠለፉ ያነብቡ ነበር፤ ከማይጨው ውጊያ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩት መልእክትም እጃቸው ገብቷል። መጋቢት 22 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ጥቃት ሲጀመር የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ያልጠበቀው አልነበረም። ሬዲዮ ያለ ምስጢር ጽሑፍ በገበያ መሐል እንደ መጮህ ነው፤ በዚያ ጦርነት የዚህን ትምህርት ዋጋ የከፈልነው በደም ነው።

እግረ መንገድ አንድ ነገር ላንሣ። ዛሬ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል መጠሪያ ናት። አድዋ ድረስ ያደረሰው 17ኛው አንቀጽ ዞሮ ዞሮ የመገናኛ ጉዳይ ነበር፦ የኢትዮጵያ ቃል ለሌሎች መንግሥታት የሚደርሰው በማን በኩል ነው የሚል። ቦታዋ ለእንዲህ ያለ ነገር የተመረጠች ትመስላለች።

ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድን በ1945 ዓ.ም. አቋቋመ። የስልክ ሽቦ በዋና ዋና መንገዶች ተዘረጋ። ከመንገድ ወዲያና ወዲህ ያለው ገጠር ግን ለአሥርተ ዓመታት ሬዲዮ ነበር ተስፋው። የወሎ መልክዓ ምድር ደግሞ ለሬዲዮ አይመችም። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲገጥመው ይቆማል። ከሐይቅ ከተማ የተነሣ ሞገድ ከአምባሰል ገደሎች ጀርባ ያለችውን መንደር አያገኛትም። አጭር ሞገድ የሚባለው በአንጻሩ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይ ካለው በኤሌክትሪክ ከተሞላ የአየር ንብርብር ነጥሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከሐይቅ አዲስ አበባን አግኝቶ ማዶ ያለውን ቀበሌ ሊስት ይችላል። ወሎን በመታው ድርቅ ዘመን በእርዳታ ጣቢያዎች የሬዲዮ መገናኛ የያዘ ሰው ዋና መሥሪያ ቤቱን በቀላሉ ሲያናግር ጎረቤት ጣቢያ ያለውን ባልደረባውን ማግኘት ሊሳነው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሰንሰለት ነው፦ ከተራራ ተራራ የሚቀባበል የሬዲዮ ማማ፣ ከዚያም ብዙ ደንበኞች ጥቂት የሬዲዮ መስመሮችን ተራ በተራ የሚጋሩበት አሠራር። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ባትሪ የተገጠመለት የቀበሌ ስልክ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ማንም ገበሬ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይሄድ ስልክ ያግኝ የሚለው የመንግሥት ዕቅድ በ1990ዎቹ ደጋግሞ ይነገር ነበር። ነገር ግን የቀበሌው ስልክ የሚቀመጠው ቁልፍ የያዘው ሰው ዘንድ ነበር። ደዋዩ ጉዳዩን ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ፊት ጮክ ብሎ ይናገራል። ለሚጠራው ሰው ደግሞ ልጅ ሮጦ ይላክለታል፤ እስኪመጣ መስመሩ ይቋረጣል። ስልክ ነው ይባላል እንጂ የግል ንግግር አልነበረም።

ያ ዘመን ሌሎችም ተናጋሪዎች አምጥቷል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተሰቀለላቸው፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይወርድ ነበር። መምህሩ ስክሪኑ ላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፣ "ሁለት ደቂቃ" ይላል፣ ሰዓት ቆጣሪው ይወርዳል፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ከኋላ ያለው ልጅ እጁን አውጥቶ ይቀራል። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ፕላዝማው ቀድሞታል። ያንን ትውልድ ያስተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያነሣል። ወረዳኔት የተባለው መረብም በሳተላይት የወረዳ ቢሮዎችን ከማዕከል አገናኘ፤ በእሱ በኩል ስብሰባ መቀመጥ ይቻል ነበር፤ ውይይቱ ግን ከወረዳው አዳራሽ አልወጣም፤ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው የውሳኔው ወሬ ነበር።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ዓመታት ፈጅቶ ወደ ወሎ ሲመጣ ሁኔታው ተለወጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ የሚሰጠው ሰው መሣሪያው በእጁ ገባ። ምልክቱ የማይደርስበት መንደርም የራሱን "ኔትወርክ ያለበት ጉብታ" አገኘ፤ ማታ ማታ ሰው ወደዚያ ይወጣል። ሆኖም ከ1997 ምርጫ ቀውስ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ፤ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሚሊኒየሙ ሲደርስ ነው። ድምፅ ቀርቶ ጽሑፍ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንዱ ለብዙ፣ ብዙው ለአንዱ ባንዴ የሚጽፍበት መንገድ እሱ ነበር። ሲመለስም ለአማርኛ ጎደሎ ነበር። የላቲን ፊደል በአንድ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ የግእዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ ያውም ስልኩ ፊደሉን ካወቀው። ለዚህ ነው አንድ ትውልድ "ሰላም ነሽ" የሚለውን በፈረንጅ ፊደል እየጻፈ ያደገው።

ኢትዮ ቴሌኮም ሚስኮልን አይቶ በራሱ መንገድ አገልግሎት አደረገው። ኮከብ 807 ኮከብ፣ ከዚያ የሚፈለገው ሰው ቁጥር፣ ከዚያ መሰላል፤ ለዚያ ሰው "ደውልልኝ" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ፔጀር ማለት ይኼው ነው፤ ስሙን ሳይዝ መጣ።

ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚባለው ግን 8028 ነው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጀመረው ነፃ የገበሬዎች መስመር ነው። ገበሬው ይደውላል፤ በገዛ ቋንቋው የተቀዳ ድምፅ ይሰማል፤ ጤፍ ከሆነ ይህን ተጫን፣ ስንዴ ከሆነ ያንን ይለዋል። ማንበብ አይጠየቅም፤ ኢንተርኔት አይጠየቅም። የስንዴ ዋግ ሲነሣ ማስጠንቀቂያ በዚሁ ተልኳል። ጉድለቱ አሁንም ያው ነው፦ ከማዕከሉ የሚመጣው ድምፅ ረጅም ነው፤ ገበሬው የሚመልሰው አንድ አኃዝ ነው። የማሳውን ነገር በራሱ ቃል ተናግሮ የሚሰማው ሰው የሚያገኝበት ክፍል ጠባብ ነው። እንዲህም ሆኖ መሠረቱ ትክክል ነው፤ በቁልፍ ስልክ፣ በድምፅ፣ ያለ ክፍያ።

በዚህ መሐል የሐይቅና የአካባቢዋ ሕይወት ከሌላ መስመር ጋር ተሳሰረ። በደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገር ልጅ ያልሄደበት መንደር ጥቂት ነው። ጅዳ ያለችው ልጅ የምትደውለው ኢሞ በተባለው የኢንተርኔት መደወያ ነው፤ የምትልከው ብር መድረሱን፣ በጉ መገዛቱን፣ ቤቱ ጣራ መልበሱን በካሜራ ታያለች። ይህ መስመር የሚሠራው በሞባይል ኢንተርኔት ነው፤ ያለ እሱ የለም።

የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ መገናኛ ሲዘጋ ቀድሞ የሚቆረጥ ሆነ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሐይቅ መንገድ ግንባር ነበር፤ ስልክም ጠፋ። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ኅዳር ማብቂያ ድረስ ከተፈናቃይ አፍ ወሬ እየለቀሙ ሰነበቱ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ማን አዘዘ፣ እስከ መቼ ነው ለሚለው ለደንበኛው ግልጽ ቃል አልተነገረውም። የኢሞዋ ልጅ ወደ መደበኛ የውጭ ጥሪ ተመለሰች፤ በደቂቃ የሚቆጠር፣ ለቤት ሠራተኛ ደመወዝ የማይመጥን። ለፀጥታ ሲባል ነው የሚለውን ክርክር እሰማለሁ። ነገር ግን ለማንቀሳቀስም ለማነሣሣትም ያልዋለውን የእናትና የልጅ ንግግር አብሮ መዝጋት የፀጥታ ሥራ ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው።

መዝጋቱ እስኪቀር ድረስ ግን በእጅ ያለ ነገር አለ። ኢንተርኔቱ በተዘጋባቸው ወራት የድምፅ ጥሪ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ 8028 ይሠራ ነበር፤ ኮከብና መሰላልም ይሠሩ ነበር፤ የወረዳ አምቡላንስ ሾፌርም በተራ ስልክ ይጠራ ነበር። የቆመው በዘመናዊ ስልክና በኢንተርኔት ላይ የተሠራው ነው። መሥሪያ ቤቶች ግን አዲስ አፕ ማስመረቅ አላቆሙም፤ የማዳበሪያ ምዝገባ በአፕ፣ የጤና ክትትል በአፕ። ለአምባሰል የሚሠራ ሰው አፑን ቢሠራም፣ አስቀድሞ በኮከብና በመሰላል፣ በቁልፍ ስልክ፣ በድምፅ የሚሠራውን ያዘጋጅ፤ ከዚያም ወረዳው ላይ ደውሎ የሚያነሣና የሰማውን መዝግቦ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ይመድብ፤ ደመወዙንም በበጀቱ ይያዝለት።